በባቲ ሰሌን ላይ የተዘረጋው ቁጥር

ባለፈው የገበያ ቀን ከሚሴ እህል ተራ ውስጥ ሳልፍ አፍንጫዬ እግሬን አስቆመው። ከጨፋ ሮቢት የመጣች አንዲት ሴት የማሽላ ጆንያዋን ፈትታ አፉን እየጠቀለለች ነበር። የጉድጓድ ማሽላ ነው። ለማያውቀው ሰው ሽታው ፊት ያስዞራል፤ የኮመጠጠ፣ እርጥብ አፈርና አሮጌ ጭድ የተቀላቀለበት፣ መሬት ውስጥ ታፍኖ የከረመ ነገር ሽታ ነው። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ ዘገንኩና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

«አባባ፣ ይገዛሉ ወይስ ያሸታሉ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«አንድ ጣሳ ስፈሪልኝ። በጣሳው ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለስ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ ማን ቆጥሮት ያውቃል።»

«እኔ» አልኳት።

አጠገቧ ባጃጁን አቁሞ ጆንያ የሚጭን ልጅ ሳቀ። ይሳቅ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ይህን የምናገረው ደግሞ በኩራት ነው። ማንበብን ራሴን አስተማርኩ። ማባዛትን፣ ማካፈልን፣ የአንድን ቁጥር ሆድ ገልብጦ ማየትን ያገኘሁት በራሴ ጭንቅላት ነው። የልጅ ልጄ ስልኩን አውጥቶ ቁጥር ሲያባዛ፣ ጣቱ ገና መስታወቱን እየነካካ እኔ መልሱን እነግረዋለሁ። «አባባ ከማን ተማርክ?» ሲለኝ «ከአንድ ቁጥር» እለዋለሁ። ቀልድ ይመስለዋል። እውነቴን ነው። ያንን ቁጥር በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ሳይጎድል። ከዚያ በኋላ ያየሁት ትልቅ ነገር ሁሉ ትንሽ ሆኖብኛል።

ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከጨፋ ሜዳ ዳር፣ ተረተሩ ከሚጀምርበት ስር ነበር። የዚያ ዓመት ክረምት ወጣ ቢባልም አልወጣም። ቦርከና ከአልጋው ወጥቶ ረግረጉ እስከ ማሽላችን ስር ደረሰ። ጠዋት ጠዋት ሜዳው በሙሉ ሰማይ ይመስል ነበር፤ ከብቶቹ ደመና ላይ የቆሙ እየመሰለኝ ቆሜ አያቸዋለሁ። ሲመሽ ደግሞ ትንኙ ይመጣል፤ ድምፁ ከሩቅ የሚጓዝ የመኪና ድምፅ ይመስላል። ከዚያ ንዳዱ ገባ። በየቤቱ አንድ ሁለት ሰው ጣለ። ከእኛ ቤት የጣለው ታላቅ እህቴን መዲናን ነው።

መዲና በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። በሩጫ፣ በትግል፣ በዋና፣ በስድብ ሁሉ ትበልጠኝ ነበር። እኔ የምበልጣት በቁጥር ብቻ ነው። ከብቶቻችን ከረግረጉ ማዶ ሲመለሱ እኔ ገና በአንድ እይታ ስንት እንደሆኑ እናገራለሁ፤ እሷ ጣቷን ቀስራ «አንድ፣ ሁለት» ትላለች። ንዳዱ አንድ ቀን ይጥላታል፣ አንድ ቀን ይለቃታል። በሚጥላት ቀን አልጋው ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። ሁለት ጋቢ ደርበንባት ትንቀጠቀጣለች፤ ቀጥሎ እንደ ምድጃ ትግላለች፤ እናቴን በሌላ ሰው ስም ትጠራታለች። በሚለቃት ቀን ደግሞ ዓይኗ ትልቅ ትልቅ ሆኖ ዝም ብላ ትተኛለች። አባቴ ክኒን ሊያመጣ ውሃውን እያቋረጠ በእግሩ ወደ ከሚሴ ወረደ።

አባቴ እንደሄደ አክስቴ ሩቂያ መጡ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ልጅ አዋቂው እማ ሩቂያ ይላቸዋል። በእኛ አገር ሴቶች ተሰብስበው ዱአ የሚያደርጉበት ማህበር ዱበርቲ ይባላል፤ የሰፈራችን ዱበርቲ መሪ እሳቸው ነበሩ። ረጅም፣ ጠይም፣ ድምፃቸው የወንድ ድምፅ የሚመስል ሴት ናቸው። የመዲናን ግንባር በመዳፋቸው ያዙና ብዙ ቆዩ።

«ሐሙስ ያ ለጢፍ እናወጣለን» አሉ ለእናቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አህመድ፣ ቦርከና ውረድና ጠጠር ልቀም። የባቄላ ፍሬ የሚያክል፣ ልሙጥ ልሙጡን። መቶ ሀያ ዘጠኝ። መቶ ሠላሳ እንዳታደርገው።»

«ለምን መቶ ሠላሳ አይሆንም?»

«ስሙ መቶ ሀያ ዘጠኝ ስለሆነ።»

ይህንን ሰው ሁሉ እንዲገባው ላስረዳ። ለጢፍ ከአላህ ስሞች አንዱ ነው፤ በስውር፣ በእርጋታ፣ ሳይታይ የሚራራ ማለት ነው። በዐረብኛ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ላም ሠላሳ ነው፣ ጧ ዘጠኝ፣ ያ አስር፣ ፋ ሰማንያ። ስትደምረው መቶ ሀያ ዘጠኝ ይሆናል። ጭንቅ ሲመጣ ስሙ በስሙ ቁጥር ይጠራል፤ ጭንቁ ሲከብድ ደግሞ መቶ ሀያ ዘጠኝ ጊዜው ራሱ መቶ ሀያ ዘጠኝ ጊዜ ይደገማል። እማ ሩቂያ ከአባታቸው የወረሱት ይህንን ነው። ድምሩን ሲናገሩ ቃሉን እየጎተቱ ነበር፤ «አስራ ስድስት ሺህ፣ ስድስት መቶ፣ አርባ አንድ»።

እኔ እስከዚያ ቀን ከብት እንጂ ሺህ ቆጥሬ አላውቅም። ቁጥሩ ሲነገር ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ። ዱአ ወደ ሰማይ የሚወጣበት መሰላል መሰለኝ፤ አስራ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንድ እርከን ያለው። አንዲት እርከን ከጎደለች ዱአው ተመልሶ ይወድቃል፤ ከወደቀ መዲና ትሞታለች። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። እኔው ነኝ ደረጃ በደረጃ ያሰብኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንዴ እንዲህ ብሎ ካሰበ ከዚያ ማን ያወጣዋል።

ጠጠሩን ይዤ ስመለስ እማ ሩቂያ ቆጠሩት። የአንዲት ትንሽ ሰፌድ መሃል እንኳ አልሞላም። ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ከእናቴ ጋር ተቀምጠው ነበር።

«እማ ሩቂያ፣ ጠጠሩ አነሰ» አልኩ።

«መቶ ሀያ ዘጠኝ አይደለም?»

«ነው። አንቱ ግን አስራ ስድስት ሺህ ብለዋል።»

«አንዱ ጠጠር መቶ ሀያ ዘጠኝ ነው ልጄ። አንዷ ሴት መቶ ሀያ ዘጠኝ ጊዜ ትልና አንድ ጠጠር ትወስዳለች።»

«አንድ ጠጠር አንድ ነው» አልኩ።

ሴቶቹ ሳቁ። ፋጡማ የምትባል፣ አፏ የማያርፍ ጎረቤታችን «ይሄን ባቲ ገበያ ብትልኩት ግመል ሻጩን ያስለቅሰዋል» አለች። እማ ሩቂያ ግን አልሳቁም። ዓይኔን እያዩ «ቃሌን ካላመንክ ቆጥረህ እመን» አሉኝ። በሕይወቴ የተሰጠኝ ትምህርት ይኸው ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር። የቀረውን እኔ ጨረስኩት።

በዚያው ሳምንት እናቴ የማሽላ ጉድጓዱን አስከፍታ ነበር። ቤቱ በሙሉ ያንን ሽታ ይሸት ነበር። ጠጠር እስከዚያ ቁጥር ድረስ መልቀም አልችልም፤ ስለዚህ ማሽላ ስጪኝ አልኳት። ልቧ መዲና ጋ ስለነበር ለምን ሳትለኝ በጣሳ ሞልታ ሰጠችኝ። እኔ ግን አንድ ጣሳ ምን ይሆናል ብዬ ተናደድኩ። የአንድ ግመል ጭነት የሚፈልግ ነው የመሰለኝ።

የምዘረጋበትን ያገኘሁት ከሀሊማ ነው። ሀሊማ የአጎቴ ሙሽራ ናት፤ በዚያው ዓመት ከባቲ ነው ያመጣት። ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ትልቅ ሰሌን ነበር፤ መዲናን ልታስታምም ስትመጣ ከአልጋው ስር አንጥፋው ትቀመጥበታለች። ያንን ሰሌን ሳየው መልሱን አየሁ። ሽመናው ቁልጭ ያለ፣ በጣት ጥፍር ልክ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ ነው። በእያንዳንዱ ማዕዘን መሃል ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፤ አንድ የማሽላ ፍሬ ስታስቀምጥባት አትንከባለልም።

«ሀሊማ፣ ሰሌንሽን አውሺኝ» አልኳት።

«ልትተኛበት?»

«ልቆጥርበት።»

«ቁጠርበት እንጂ። እኔ እንደሆን ከመጣሁ ጀምሮ መሬት ለምጃለሁ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ቶሎ የሚመጣ፣ ቶሎ የምትደነግጥ ሴት ነበረች።

በረድፍ ጀመርኩ። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ጠፋብኝ። ደግሜ ጀመርኩ። ደግሞ ጠፋብኝ። ንዳዱ መዲናን የለቀቃት ቀን ነበር፤ ከአልጋው ላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየኛለች።

«ከጥግ ጀምር» አለችኝ። ድምፁ የእሷ አይመስልም። «አንድ አድርግ። ከዚያ በሁለት በኩል ክበበው።»

በጥጉ አንድ አስቀመጥኩ። ልከበው ሦስት ፈለገ፤ አራት ሆነና እኩል አራት ማዕዘን ወጣው። ይህንን ልከብ አምስት ፈለገ፤ ዘጠኝ ሆነ፣ አሁንም አራት ማዕዘን። ቀጥሎ ሰባት፤ አስራ ስድስት። ቀጥሎ ዘጠኝ፤ ሀያ አምስት። መዲና በከንፈሯ ብቻ «አስራ አንድ» አለች። አስራ አንድ ሆነ። «አስራ ሦስት» አለች። አስራ ሦስት ሆነ። እጄ ቆመ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«በሁለት በሁለት ነው የሚጨምር፤ አታይም እንዴ?»

እየዘረጋሁ የሆነ ቦታ ላይ እንደሚሰበር እጠብቅ ነበር። ሃምሳ ላይ ሲደርስ፣ ሰማንያ ላይ ሲደርስ አንድ ፍሬ ይተርፋል ወይም ይጎድላል ብዬ። አልተረፈም፣ አልጎደለም። አጠገብ ለአጠገብ የተሰለፉት ጎዶሎ ቁጥሮች፣ ሁለት ተመሳሳይ የማይገኝባቸው፣ ተደምረው ሁልጊዜ እኩል ጎን ያለው ነገር ይሠራሉ። ማን አዘዛቸው? እኔ አላዘዝኳቸውም። ሰሌኑ አላዘዛቸውም። ጀርባዬ ላይ የሆነ ብርድ ወጣብኝ፤ ንዳዱ እኔንም የያዘኝ መስሎኝ ግንባሬን ነካሁ።

በመሃሉ ዶሮ ገባችና አንዱን ጥግ ለቀመችው። መዲና እንደታመመች የሳቀችው የዚያን ጊዜ ብቻ ነው። «እማ፣ ዶሮዋ ያ ለጢፍ በላች» ብላ ስትጣራ እናቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች። የመጣችው ዶሮዋን ልታባርር አልነበረም፤ ሳቁን ልትሰማ ነው።

ስንሠራ ስም መመዘን ጀመርን። እማ ሩቂያ ገብተው ሲወጡ ፊደሎቹን እየጠየቅናቸው የራሳችንን ስም ደመርን። አህመድ ሃምሳ ሦስት ሆነ። ሃምሳ ሦስትን ለማንም እኩል ማካፈል አይቻልም፤ ሞክሩት። ይህን ያወቅሁ ቀን ደረቴ ተነፋ፤ እስከ ዛሬ አልተነፈሰም። መዲና መቶ ዘጠኝ ሆነች።

«ሁለት አህመድ አንድ መዲናን አይሞላም» አለችኝ። «ሦስት ይጎድላል።»

እውነቷን ነው። አስልቼ አየሁት።

በጣላት ቀን ብቻዬን ሠራሁ። አልጋው ግድግዳውን ሲመታ እኔ ጎንበስ ብዬ ፍሬ እደረድራለሁ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ጎኑ መቶ ሀያ ዘጠኝ ሲደርስ የመጨረሻው ክብ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ፍሬ ፈለገ፤ ተጨመረ፤ አለቀ። ቀና ብዬ ጣሳውን አየሁ። ከታቹ ማሽላ ተርፎ ነበር። ግመል የሚጭነው የመሰለኝ ቁጥር፣ ሰማይ የሚደርሰው መሰላል፣ አንድ ጣሳ አልሞላም። በእጄ ዘግኜው በእፍኝ በእፍኝ ላነሳው እችላለሁ። በአንድ በኩል አነሰብኝ፤ በሌላ በኩል ከዚያ በፊት ካየሁት ሁሉ በለጠብኝ። ቆሜ ሳየው ሰሌኑ ላይ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈ ይመስላል፤ ጎንበስ ስል ግን እያንዳንዷ ፍሬ በቦታዋ ናት።

አሁን መቁጠር ነበረብኝ። አንድ ረድፍ መቶ ሀያ ዘጠኝ። አስር ረድፍ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና። መቶ ረድፍ አስራ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ። የቀሩት ሀያ ዘጠኝ ረድፎች ሦስት ሺህ ሰባት መቶ አርባ አንድ። ስደምረው አስራ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንድ። እማ ሩቂያ የተናገሩት፣ አባታቸው የነገሯቸው፣ ለእሳቸውም ማን እንደነገራቸው የማይታወቅ ያ ቁጥር ያለ አንዲት ስህተት ከማሽላው ውስጥ ወጣ። ማባዛት የሚባለው ነገር ስም እንዳለው ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያገኘሁት ግን ያን ቀን ነው።

ከዚያ በክር ልከፍለው ሞከርኩ። ለሁለት አልከፈልም አለ፤ አንድ ረድፍ ተረፈ። ለአራትም አንድ ረድፍ ተረፈ። ለስምንትም አንድ። ለሦስት ስከፍለው ግን እሺ አለና ጎኑ አርባ ሦስት፣ አርባ ሦስት፣ አርባ ሦስት ሆነ፤ ሰሌኑ ላይ ዘጠኝ ትናንሽ እኩል ማዕዘኖች ወጡ። አርባ ሦስትን ደግሞ ልከፍል ስል ጭራሽ እንቢ አለኝ። ለሁለት አንድ ይተርፋል። ለሦስት አንድ ይተርፋል። ለስድስት አንድ፣ ለሰባት አንድ። ምንም ብታደርገው ያቺ አንዷ ትቀራለች። ይህን ስነግራት መዲናን ንዳዱ ለቅቋት ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና አሰበች።

«መሃሉን ፈልግ» አለችኝ።

ከግራ ስልሳ አራት፣ ከቀኝ ስልሳ አራት፣ ከላይ ስልሳ አራት፣ ከታች ስልሳ አራት ቆጥሬ መሃሏን አገኘኋት። እያንዳንዷ ፍሬ ከመሃሏ ማዶ ልክ በልኳ የተቀመጠች ጓደኛ አላት፤ የጥጓ ከጥጓ፣ የዳሯ ከዳሯ። አስራ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ አርባው ሁሉ ተጣምሯል። አንዷ ብቻ ጓደኛ የላትም። ያቺ ባትኖር ቁጥሩ ለሁለትም፣ ለአራትም፣ ለአምስትም፣ ለስምንትም፣ ለአርባም እኩል ይከፈል ነበር። እማ ሩቂያን ጠርተን አሳየናቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩና ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«አንድ» አሉ በቀስታ። ከዚያ በኋላ ስለ ጠጠሩ ማነስ ተከራክሬያቸው አላውቅም።

ረቡዕ አባቴ እስከ ወገቡ ረጥቦ ክኒኑን ይዞ ገባ። መዲና ዋጠች። ሐሙስ ግን የሚጥላት ቀን ነበርና ንዳዱ በሰዓቱ መጣ፤ እንዲያውም ከወትሮው የከፋ። አልጋው መምታት የጀመረው ሴቶቹ ገና ደጃፍ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ነው።

እማ ሩቂያን ጨምሮ አስራ ሁለት ሆነው በግቢያችን ዋርካ ጥላ ስር በክብ ተቀመጡ። የጠጠሩ ሰፌድ በእኔ እጅ ነው። መቶ ሀያ ዘጠኝ ጊዜ ያለች ሴት ጣቷን ታነሳለች፤ እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁና ሄጄ አንድ ጠጠር ከፊቷ አስቀምጥላታለሁ። «ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ» የሚለው ድምፅ መጀመሪያ የየሰው ነበር፤ ቆይቶ አንድ ሆነ፤ ንብ በቀፎ ውስጥ የምታሰማውን ድምፅ ይመስል ነበር። በድምፁ መሃል የአልጋው ድምፅ ይሰማል። እናቴ በበሩ መቃን ላይ ተደግፋ አንድ ዓይኗ ውስጥ፣ አንድ ዓይኗ ውጪ ነበር።

ሰፌዱ ባዶ ሆነ። የመጨረሻዎቹ ሴቶች ጨረሱ። እማ ሩቂያ እጃቸውን ዘርግተው ዱአውን አደረጉ፣ ሁሉም አሚን አሉ። እኔ ጠጠሩን ልሰበስብ ጎንበስ ስል እንደ ልማዴ ሳልፈልግ ቆጠርኩ። ስድስቱ ሴቶች ፊት አስር አስር ጠጠር አለ። አምስቱ ፊት አስራ አንድ አስራ አንድ። ሀሊማ ፊት ግን አስራ አራት።

«ሀሊማ ሁሉንም በለጠች» አልኩ። ላመሰግናት ነው።

እማ ሩቂያ የተዘረጋ እጃቸውን ሳያጥፉ ወደ ሀሊማ ዞሩ። «ሀሊማ፣ በአንድ ጠጠር ስንት ትይ ነበር?»

ሀሊማ ሙስበሃዋን ከፍ አድርጋ አሳየች። «አንድ ዙር።»

ሙስበሃ፣ የዱአ መቁጠሪያው፣ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ነው። መቶ ሀያ ዘጠኝ ለመሙላት አንድ ዙር ከጨረሱ በኋላ ሠላሳ ፍሬ መድገም ያስፈልጋል። ይህን ሁሉም ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ለሙሽራዋ የነገራት ሰው አልነበረም። ሀሊማ ፊታቸውን አየችና ገባት።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች። ሙስበሃው ከእጇ ወደቀ።

«ፈረሰ በቃ» አለች ፋጡማ። «ሁሉም ፈረሰ። ከአንድ መጀመር ነው።»

«ጀንበሯ ወዴት እንዳለች አታዪም?» አለች ሌላዋ።

እናቴ ከበሩ ሳትነቃነቅ «ልጄ አትጠብቃችሁም» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለዚህ ነው የፈራሁት።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን እስከ ዛሬ ደጋግሜ አስባለሁ፤ በከሚሴ አካባቢ ካለ ሰው ከእኔ በቀር ማንም ሊናገረው አይችልም ነበር። «ሁሉም አልፈረሰም» አልኩ። «ኑና እዩት።»

አስራ ሁለቱም ተከትለውኝ ገቡ። በመዲና አልጋ ዙሪያ፣ በሰሌኑ ዳር ቆሙ። አንዳቸውም የምሠራውን ከዚያ በፊት በደንብ አላዩትም ነበር። «እነዚህ የሀሊማ ጠጠሮች ናቸው» አልኩና ከዳር አስራ አራት ረድፍ ለየሁ። «በእያንዳንዱ ሠላሳ ጎድሏል።» ከአንዱ ረድፍ ጫፍ ሠላሳ ፍሬ አነሳሁ። ከሁለተኛው ሠላሳ። አስራ አራቱን ስጨርስ በዚያ ሰፊ ቀይ ማሽላ ጥግ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ተከፈተች፤ ጠባብ፣ ጎኖቿ የተስተካከሉ። እጄ ውስጥ አራት መቶ ሀያ ፍሬ አለ። የቀረው አስራ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሀያ አንድ በቦታው ተኝቷል፤ አንዱም አልተነካም።

ፋጡማ እንኳ ጎንበስ ብላ አየችው። እነዚያ ሴቶች ያን ቁጥር ዕድሜ ልካቸውን በምላሳቸው ሲሉት ኖረዋል። በዓይናቸው ሲያዩት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። አንዷ በእግሯ እንዳትነካው ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች።

«ይህቺ ብቻ ናት የጎደለችው?» አሉ እማ ሩቂያ።

«ይህቺ ብቻ።»

እማ ሩቂያ ወደ ሀሊማ እጃቸውን ዘረጉ። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ በኦሮምኛ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ግድግዳው አልፈረሰም። በሩ ነው የተከፈተው። ነይ ዝጊው።»

ሀሊማ በራሷ ሰሌን ዳር ተንበረከከች። እኔ መዳፌን ዘረጋሁላት። አንድ ፍሬ አነሳች፣ «ያ ለጢፍ» አለች፣ አስቀመጠች። ሁለተኛ አነሳች። ሌሎቹ ሊያግዟት ሲሉ እማ ሩቂያ በዓይናቸው ከለከሉ። መጀመሪያ ፍሬው ሁለት ጊዜ ወደቀባት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተረጋጋች። ከዚያ ወዲያ የምንሰማው የእሷን ድምፅና የአልጋውን ድምፅ ብቻ ነው። ባዶው ቦታ ቀስ እያለ ሲጠብ አያለሁ። ከግድግዳው ጋር የሚጋጨው አልጋ መቼ እንዳቆመ አላስተዋልኩም። ያስተዋልኩት አስራ አራተኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ ነው፤ ሀሊማ ለትንፋሽ ስታቆም ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ወደ አልጋው ዘለለች። ሁላችንም መጥፎውን ነው ያሰብነው።

«አልቧታል» አለች እናቴ። «ጋቢው ርሷል። ልጄን አልቧታል።»

ሀሊማ የቀሩትን ፍሬዎች አስቀመጠች። የመጨረሻዋ ስትገባ የትኛው ሀሊማ ያስቀመጠችው፣ የትኛው እኔ ያስቀመጥኩት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ስፌት የለውም። ሙሉ ነበር። አስራ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንድ፣ ከእኛ ጉድለት በፊትም ከእኛ ጉድለት በኋላም ያው ነው። ክኒኑ ነው ያዳናት የሚሉ አሉ፤ እኔ አባቴ ያቋረጠውን ውሃ አልረሳም፣ ክኒኑንም አመሰግናለሁ። ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

መዲና ዓይኗን ገለጠችና አስራ ሁለት ሴት ስታይ ግራ ተጋባች። «ምን ሆናችሁ?» አለች። ቀጥላ «እርቦኛል» አለች።

እማ ሩቂያ ሳያመነቱ የሰሌኑን አንዱን ጥግ ያዙ፣ ፋጡማን ሌላውን አስያዟት። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ ሰሌኑ ላይ ልወድቅበት ነበር።

«እማ ሩቂያ ተዉት፣ ይቀመጥ።»

«ዱአው ወጥቷል ልጄ። ይሄ ማሽላ ነው፤ ልጅቱ እርቧታል።»

አራቱ ጥግ ተነሳ። ፍሬዎቹ እንደ ዝናብ እየተንሿሹ ወደ መሃል ተንከባለሉ፤ ረድፉም፣ ክቡም፣ ጥንዱም፣ ብቸኛዋም በአንድ ትንፋሽ አንድ ቁልል እህል ሆኑ። እናቴ አጥባ ምጣድ ላይ ቆላችው። የጉድጓዱ ሽታ ወጥቶ የቆሎ ሽታ ቤቱን ሞላው። ለሁሉም እፍኝ እፍኝ ደረሰ፤ ሀሊማ የራሷን ለመዲና ልትሰጥ ስትል መዲና «ያንቺን ብዪ» አለቻት።

የእኔን በእጄ ይዤ አልበላሁም። መዲና ግን ትራስ ተደግፋ አንድ በአንድ ወደ አፏ እየወረወረች ታኝካለች፤ ሲሰበር በጥርሷ መሃል ቀጭ ይላል። እናቴ ከፊቷ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀጭ ባለ ቁጥር የእናቴ ከንፈር እንደሚቆጥር ሰው ይንቀሳቀስ ነበር።